ጋሩዳ በሱለይማን ችሎት

የማሌይ ሕዝብ እስልምናን ሲቀበል የጥንት ተረቱን፣ ግጥሙንና ልማዱን እንዴት ይዞ ተሻገረ?

የዒሻ ሶላት ካበቃ ቆይቷል። በሰሜን ምሥራቅ ማሌዥያ፣ ኬላንታን በሚባለው ግዛት፣ ከሩዝ ማሳ ዳር አንዲት ከመሬት ከፍ ያለች የእንጨት ጎጆ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ግድግዳ የለውም፤ በግድግዳው ፋንታ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮበታል። ከአቡጀዲው ጀርባ መብራት ተንጠልጥሏል። ከመብራቱ ሥር አንድ ሽማግሌ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በግራና በቀኛቸው ከቆዳ ተፈልፍለው ቀለም የተቀቡ አሻንጉሊቶች በሙዝ ግንድ ላይ ተሰክተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከሽማግሌው ኋላ ከበሮ መቺዎቹ፣ ጎንግ መቺውና ሰሩናይ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋው ሰው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል።

ሽማግሌው ቶክ ዳላንግ ይባላሉ። የትርኢቱ ተራኪ፣ ተዋናይና የሙዚቃው መሪ እሳቸው ብቻ ናቸው። የንጉሡን ቁጣ፣ የዝንጀሮውን ጩኸት፣ የልዕልቲቱን ልቅሶ ሁሉ በአንድ ጉሮሮ ያወጡታል። ከመጀመራቸው በፊት ግን እጃቸውን ዘርግተው ቢስሚላህ ይላሉ፤ በነቢዩ ላይ ሶለዋት ያወርዳሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለአራቱ ማዕዘናት መናፍስትና በሙያው ለቀደሟቸው አባቶች ሰላምታ ያቀርባሉ። ሰሩናዩ ይጮሃል። የሕይወት ዛፍ ምስል ከአቡጀዲው መሃል ይነሳል፤ ትንሽ ቆይቶም ቀስት የያዘ አንድ መስፍን በጥላ መልክ ብቅ ይላል። ራማ ነው፤ የሂንዱዎቹ የራማያና ጀግና፣ በሕንድ ሚሊዮኖች የሚሰግዱለት የቪሽኑ ትስጉት።

ተመልካቹ የመንደሩ ሰው ነው፤ ሁሉም ሙስሊም ነው። ልጆቹ ከፊት ተቀምጠው ፓክ ዶጎል የሚባለው ሆደ ትልቅ አገልጋይ እስኪወጣ ይጠባበቃሉ፤ እሱ ሲናገር የማይስቅ የለም። የኬላንታን ተራኪዎች ሲያወርሱ የኖሩት ታሪክ ግን ይህ ቀልደኛ ከአማልክት ሁሉ የበላይ የሆነው አምላክ ራሱን ዝቅ አድርጎ የመጣበት አካል መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ አሻንጉሊቱን እንደ ሌሎቹ በዘፈቀደ አይጥሉትም፤ በክብር ያስቀምጡታል።

ይህን ትርኢት ያየ የውጭ ሰው ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። አንዱ «እነዚህ ሰዎች ሙስሊምነታቸው ከላይ ከላይ ነው» የሚል ነው። ሌላው «ራማ እዚህ የቀረው በዝንጋታ ነው፤ ጊዜ ሲደርስ ይጠፋል» የሚል ነው። ሁለቱም ፍርድ ሲጻፍና ሲደጋገም ኖሯል፤ ሁለቱም ግን የማሌይን ሥነ ጽሑፍ ገልጦ ላየ ሰው አያስኬዱም። ማሌዮች እስልምናን የተቀበሉት በሙሉ ልብ ነው። ሲቀበሉት ግን ከነበራቸው ነገር አብዛኛውን አልጣሉትም፤ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሰጡት። ቦታ የሰጡበት ጥበብ የባህላቸው ትልቁ ሥራ ነው።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ስም

ማሌይ ስንል ዛሬ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖር፣ ብሩናይ፣ የኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ምሥራቃዊ ዳርቻና የደቡብ ታይላንድ ጠረፍ በሚባሉት አገሮች ውስጥ የሚኖረውን፣ በባሕርና በወንዝ ዳር የተመሠረተውን ሕዝብ ማለታችን ነው። እስልምና ከመድረሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ይህ ሕዝብ ስሪዊጃያ የሚባል ኃያል የባሕር መንግሥት ነበረው። ማዕከሉ ፓሌምባንግ፣ ሱማትራ ውስጥ ነበር። ቻይናዊው መነኩሴ ዪጂንግ በ671 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሕንድ ሲያልፍ እዚያ አርፎ ሳንስክሪት ተምሯል፤ ቡድሂዝም የሚጠናበት ከተማ ነበር። በ683 የተቀረጸው የኬዱካን ቡኪት ድንጋይ ደግሞ እስካሁን ከተገኙት የማሌይኛ ጽሑፎች ከጥንታውያኑ አንዱ ነው፤ ፊደሉ ከሕንድ የመጣ፣ ቃላቱም ሳንስክሪት የተቀላቀለባቸው ናቸው። ከዚህም ሥር ከሕንድ ያልመጣ፣ የራሱ የአገሩ የሆነ እምነት አለ፤ ሩዝ፣ ዛፍ፣ ባሕርና ሰው ሁሉ ሰማንጋት የሚባል የሕይወት ኃይል አላቸው የሚለው።

እስልምና የመጣው ከነጋዴ ጋር ነው። ከዓረብ፣ ከጉጅራት፣ ከደቡብ ሕንድና ከቻይና ወደቦች ቅመም ፍለጋ የሚመላለሱት መርከበኞች ነፋስ እስኪዞር ወራት በወደቡ ይቆያሉ፤ እዚያው ያገባሉ፣ መስጊድ ይሠራሉ። ማርኮ ፖሎ በ1292 በሰሜን ሱማትራ ሲያልፍ የፐርላክ ከተማ ሰዎች እስልምናን ተቀብለው ነበር። በዚያው ዳርቻ ያለው የሳሙድራ ፓሳይ የመጀመሪያ ሱልጣን የማሊክ አስሷሊህ መቃብር ድንጋይ 1297ን ይጠቅሳል።

ወደ ማሌዥያው ትሬንጋኑ እንሻገር። እዚያ በኩዋላ ብራንግ አካባቢ ከወንዝ ዳር የተገኘ አንድ ድንጋይ በግዛቱ ሙዚየም ቆሟል። ጽሑፉ ጃዊ በሚባለው ፊደል የተቀረጸ ነው፤ ጃዊ ማለት ማሌዮች በዓረብኛ ለሌሉት ድምፆቻቸው ተጨማሪ ፊደላት ሠርተውለት የራሳቸው ያደረጉት የዓረብ ፊደል ነው። የድንጋዩ ጥግ ስለተሰበረ ሊቃውንት በዓመቱ ላይ ይከራከራሉ፤ ብዙዎች የተስማሙበት ንባብ 1303 ነው። የተጻፈው ሕግ ነው፤ ስለ ዕዳና ስለ ዝሙት የሚወስን፣ የአላህን መልእክተኛ ሃይማኖት ያጸና ሕግ። የሕጉ ባለቤት አምላክ ግን በሳንስክሪት ቃላት «ደዋታ ሙሊያ ራያ» ተብሎ ተጠርቷል፤ ታላቁና ክቡሩ መለኮት እንደማለት።

ድንጋዩን ያስቀረጸው ገዥ ይህን ስም የመረጠው ሕዝቡ እንዲገባው ይመስለኛል። ለዘመናት «ደዋታ» ሲል ለኖረ ገበሬ አዲሱ ሕግ ከእንግዳ አገር የመጣ ትእዛዝ እንዳይመስለው። ይህ ምርጫ ዛሬም ሕያው ነው፤ ማሌዮች ሶላትን ሰምባህያንግ፣ ጾምን ፑአሳ፣ ገነትን ሹርጋ፣ ሲኦልን ነራካ ይላሉ፤ ሁሉም ከእስልምና በፊት የነበሩ ቃላት ናቸው። ከመስጊዱ አዛን የሚያሰማውን ሰው ግን ቢላል ብለው ይጠሩታል፤ ስሙን ያገኘው ከነቢዩ ሙአዚን፣ ከሐበሻው ቢላል ነው።

በሕልም የመጣ ሃይማኖት

የማሌይ ነገሥታት ታሪክ የሆነው ሴጃራህ መላዩ መግቢያው 1612ን የሚጠቅስ፣ ለዛውም ታሪኩም ግሩም የሆነ መጽሐፍ ነው። ጻፈው የሚባለው የጆሆር መንግሥት ቤንዳሃራ፣ ማለትም ዋና ሹም፣ ቱን ስሪ ላናንግ ነው። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም መታሰቢያ መዝገብ አስፍሮታል።

በዚህ መጽሐፍ የማሌይ የወደብ መንግሥት የነበረችው የማላካ ንጉሥ እስልምናን የተቀበለበት ምዕራፍ አለ። ንጉሡ ተኝቶ ነቢዩ ሙሐመድን በሕልሙ ያያል፤ ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ያስተምሩታል፤ በማግሥቱ በዐስር ሶላት ሰዓት ከጅዳ መርከብ እንደሚመጣ፣ ከመርከቡ የሚወርደውንም ሰው እንዲሰማ ይነግሩታል። ንጉሡ ሲነቃ ተገርዞ ያገኘዋል። ቀኑን ሙሉ ሸሃዳውን ሲደጋግም የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋኔን የያዘው ይመስላቸዋል። መርከቡ በተባለው ሰዓት ይደርሳል፤ ሰይድ አብዱል አዚዝ የሚባል ሼህ ከባሕሩ ዳር ወርዶ ይሰግዳል። የፓሳይም ንጉሥ ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ እዚያም ሃይማኖቱ የሚመጣው በሕልም ነው።

ሁለቱ ትረካዎች አንድ ነገር አጥብቀው ይይዛሉ፦ ንጉሡን አስገድዶ ያሰለመው ጦር የለም፤ አዲሱን ሃይማኖት ያስተማረው ነጋዴም ሼህም ሳይሆን ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። ሼሁ የመጣው የሆነውን ለማጽናት ብቻ ነው። ሕልምን የእውነት በር አድርጎ የሚያይ የቆየ የአገሬው አስተሳሰብ ለአዲሱ ሃይማኖት ከሁሉ የከበረውን መግቢያ አዘጋጀለት።

የዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። በፓሌምባንግ አንድ ኮረብታ አለ፤ ቡኪት ሲጉንታንግ ማሃሜሩ ይባላል፤ ማሃሜሩ ደግሞ በሂንዱዎች ዘንድ የዓለም እምብርት የሆነው የአማልክት ተራራ ነው። ሁለት መበለቶች እዚያ ሩዝ ይዘራሉ። አንድ ሌሊት ማሳቸው ሲያበራ ያዩታል፤ ጠዋት ሲወጡ የሩዙ ፍሬ ወርቅ፣ ቅጠሉ ብር ሆኗል። ከማሳው መሃል ሦስት ወጣቶች ቆመው ያገኛሉ። ወጣቶቹ ሲጠየቁ የኢስካንዳር ዙልቀርነይን ዘር መሆናቸውን ይናገራሉ፤ በቁርአን የተጠቀሰው፣ ሙስሊሞች ከታላቁ እስክንድር ጋር የሚያያይዙት ንጉሥ ነው። የሩዝ ማሳ፣ የሂንዱ ተራራና የቁርአን ንጉሥ በአንድ ሌሊት በአንድ ኮረብታ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ከወጣቶቹ አንዱ ሳንግ ሳፑርባ ከአገሩ አለቃ ከዴማንግ ሌባር ዳውን ጋር ቃል ኪዳን ያስራል፦ ንጉሥ ተገዢውን አያዋርድም፤ ተገዢም ንጉሡን አይከዳም። የማሌይ ፖለቲካ እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው ቃል ኪዳን ይህ ነው።

አደምና ራዋና በአንድ ተራራ

ማሌዮች ረጅሙን የዝርው ትረካ ሂካያት ይሉታል። ከእነዚህ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ሂካያት ሴሪ ራማ ነው፤ የራማያና የማሌይ መልክ። ከጥንታውያን ቅጂዎቹ አንዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በእንግሊዛዊው ሊቀ ጳጳስ በዊሊያም ላውድ እጅ ገብቶ ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በሕንዱ ታሪክ ራዋና የላንካ ደሴት ጋኔናዊ ንጉሥ ነው፤ ኃይሉን ያገኘው በብዙ ተጋድሎ አማልክቱን አስደስቶ ነው። ማሌዩ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሲደርስ ችግር ገጠመው። በአንድ አምላክ የሚያምን ጸሐፊ ለራዋና ኃይሉን የሚሰጠው ማን ነው ይበል? ተጋድሎውን ቢያስቀረው ታሪኩ ይፈርሳል፤ የሂንዱዎቹ አምላክ ብራህማ ሰጠው ቢል ደግሞ ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም።

መፍትሔው እንዲህ ሆነ። ራዋና ከአባቶቹ አገር ተባርሮ ወደ ሰረንዲብ ተራራ ይሄዳል፤ እዚያም ቁልቁል ተሰቅሎ በተጋድሎ ይጸናል። ከዕለታት አንድ ቀን ነቢዩ አደም በዚያ ሲያልፉ ያዩታል። ምን እንደሚሻ ይጠይቁታል፤ ጥያቄውንም ወደ አላህ ያቀርቡለታል። አላህ በሰማይ፣ በምድር፣ ከምድር በታችና በባሕር መንግሥት ይሰጠዋል፤ የተሰጠው ግን በፍትሕ እንዲገዛ በመሐላ ነው። ራዋና ኋላ የራማን ሚስት ሲጠልፍ የሰው ትዳር ብቻ አልደፈረም፤ ከአላህ ጋር የገባውን ቃል አፈረሰ። ጥፋቱም ፍርድ ይሆናል።

ጸሐፊው አደምን ከየት አመጣቸው? በሙስሊሞች ትውፊት አደም ከጀነት ሲወጡ ያረፉት በሰረንዲብ ነው፤ ዛሬም በስሪላንካ በስማቸው የሚጠራ ተራራ አለ። ሰረንዲብና ላንካ ደግሞ አንድ ደሴት ናቸው። ሁለቱ ታሪኮች ሳይተዋወቁ በአንድ ተራራ ላይ ቆመው ነበር፤ ማሌዩ ጸሐፊ አስተዋወቃቸው። ይህን የሠራ ሰው ሃይማኖቱን በግማሽ ያወቀ ሰው አይደለም። ሁለቱንም ትውፊት ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የት ላይ እንደሚገጥሙ ያየ፣ ከሁሉ በላይ ማን እንደሆነም ያልዘነጋ ሰው ነው።

«ሁለቱ ታሪኮች ሳይተዋወቁ በአንድ ተራራ ላይ ቆመው ነበር፤ ማሌዩ ጸሐፊ አስተዋወቃቸው።»

የኬዳ ግዛቱ ሂካያት መሮንግ ማሃዋንግሳ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። የቪሽኑ ተሸካሚ የነበረው ታላቁ አሞራ ጋሩዳ ወደ ነቢዩ ሱለይማን ችሎት ይቀርባል፤ በእስልምና ሱለይማን የአእዋፍን ቋንቋ የሚያውቁ የእንስሳትና የጂን ንጉሥ ናቸውና። ጋሩዳ የሩም ንጉሥ ልጅና የቻይና ልዕልት ሊጋቡ መሆኑን ሰምቶ «እኔ አስቀረዋለሁ» ብሎ ይፎክራል። ሱለይማን አላህ የወሰነውን ማንም እንደማይለውጥ ይነግሩታል። ጋሩዳ ልዕልቲቱን ጠልፎ በደሴት ላይ ይሸሽጋታል፤ የመስፍኑንም መርከቦች ያጠፋል። ማዕበሉ ግን መስፍኑን ወደዚያችው ደሴት ይተፋዋል፤ ሁለቱ ይፋቀራሉ። ጋሩዳ አፍሮ ይሸነፋል። የጥንቱ መለኮታዊ አሞራ ከታሪኩ አልወጣም፤ ጉልበቱም፣ ግርማውም፣ ክንፉም አብረውት ናቸው። የተለወጠው ደረጃው ነው፤ ዛሬ ከነቢይ ፊት ቆሞ የሚዳኝ ፍጡር ሆኗል።

እነዚህ መጻሕፍት በቤተ መንግሥት ጓዳ ብቻ የሚቀመጡ አልነበሩም፤ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ለሰው ይነበቡ ነበር። ሴጃራህ መላዩ ፖርቹጋሎች በ1511 ማላካን ከማጥቃታቸው በፊት የነበረችውን ሌሊት ይተርካል። ወጣቶቹ መኳንንት ለውጊያው ልባቸውን ለማጽናት የዓሊን ልጅ የሙሐመድ ሐነፊያን ታሪክ ከሱልጣኑ ይጠይቃሉ። ሱልጣኑ መጀመሪያ የነቢዩን አጎት የሐምዛን ታሪክ ይልክላቸዋል፤ ጀግንነታቸው ያን ያህል ቢደርስ ይበቃል በሚል። በዚያች ሌሊት ለሞት የተዘጋጀ ወታደር መጽሐፍ እንዲነበብለት ለመነ። ማላካ ወደቀች፤ ታሪኮቹ ግን አብረዋት አልወደቁም።

የአቼው እሳት

ይህ ሁሉ ያለ ክርክር አልሆነም። ክርክሩ ከዛሬው የሃይማኖት ፖለቲካ እጅግ ይቀድማል፤ ይህን መርሳት አይገባም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሱማትራ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ካፉር ከሚሸጥባት ከባሩስ ወደብ፣ ሐምዛ ፋንሱሪ የሚባል ሱፊ ተነሳ። በማሌይኛ በስሙ ግጥም የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እንደሆነ ይታመናል። አራት ስንኝ በአንድ ቤት የሚመታውን ሻዒር የተባለውን የግጥም ዓይነት ለማሌይኛ ያወጣውም እሱ ነው ይባላል። ስለ ፈጣሪና ፍጡር የዓረብ ሊቃውንት የጻፉትን ጥልቅ ትምህርት የአገሩ ሰው በሚያውቀው ነገር አስረዳ፤ በባሕርና በማዕበል፣ በመርከብና በመልሕቅ፣ በሚነድ የካፉር እንጨት።

በ1637 ኑሩዲን አርራኒሪ የሚባል ከጉጅራት የመጣ ብርቱ ሊቅ በሰሜን ሱማትራ ወዳለችው አቼ ደረሰ። የሐምዛን ትምህርት ፈጣሪንና ፍጡርን የሚቀላቅል ክህደት ነው ብሎ አወገዘ፤ መጻሕፍቱ ከታላቁ መስጊድ ፊት ተቃጠሉ፤ የትምህርቱ ተከታዮችም ተገደሉ። ይኸው ሊቅ በሃይማኖት ሕግ መጽሐፉ ሂካያት ሴሪ ራማንና ሂካያት ኢንድራፑትራን ለሃይማኖት የማይረቡ ብሎ ዝቅ አደረጋቸው፤ የአላህ ስም ከሌለባቸው ወረቀታቸው ለመጸዳጃ ቢውል ችግር የለውም እስከማለት ደረሰ።

የአርራኒሪን ሥጋት አቃልዬ አላየውም። ሊቁ ከልቡ ለተውሒድ፣ ለአላህ አንድነት፣ የቆመ ሰው ነበር፤ በማሌይኛ የጻፈው ቡስታን አስሰላጢንም ከቋንቋው ትላልቅ መጻሕፍት አንዱ ነው። ይሁንና በ1644 ራሱ በሌላ ክርክር ተረትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሐምዛ ዛሬም ይነበባል። ሂካያት ሴሪ ራማንም ሙስሊም ጸሐፍት በጃዊ ፊደል መገልበጥ ቀጠሉ። ገልባጮቹ ፈቃድ የጠየቁ አይመስለኝም፤ ታሪኩ የእነሱ ነበር።

ጥላና ፍሬ ነገር

ስለ ግጥም ከተነሳ ፓንቱንን ማለፍ አይቻልም። ፓንቱን ሻዒር ከመምጣቱ በፊት በሕዝቡ አፍ የኖረ፣ ማንም ገበሬ፣ ማንም አሳ አጥማጅ በቃሉ የሚገጥመው ባለ አራት ስንኝ ነው። አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ቤት ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ፔምባያንግ፣ ጥላ ይባላሉ፤ ወንዝ፣ ፍሬ፣ ወፍ፣ ጀልባ ይነሳባቸዋል። የኋለኞቹ ሁለቱ ፍሬ ነገሩን ይናገራሉ። በአማርኛ ቅርጹን ለማሳየት ያህል እንዲህ ቢገጠም፦

የወንዙ ዳር ሸንበቆ ያዘነብላል፣
ጀልባው ቆሟል ገመዱ ሳይፈታ፤
ልቤ ቢደርስ አፌ ይከለክላል፣
ከደጅሽ ቆሜ ነጋልኝ በዝምታ።

የእኛ ሰምና ወርቅ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቃል ውስጥ ይደብቃል፤ ፓንቱን ግን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል፤ ያላለቀውን ሰሚው ያገናኛል። ሽማግሌዎች ሚስት ሲጠይቁ ይህን ይለዋወጣሉ፤ መልሱም በፓንቱን ይመጣል። እናት ልጇን ስታስተኛ፣ ሹም እንግዳ ሲቀበል፣ ኡስታዝ በስብከቱ መሃል ይጠቀምበታል። እስልምና ለፓንቱን ጠላት አልሆነም፤ አዲስ ፍሬ ነገር ሰጠው። የወንዙና የወፉ ጥላ ሳይነካ፣ ከሥሩ ስለ ሶላት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ምጽዋት የሚናገሩ ስንኞች ገቡ። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ በብዙ ነገር እየተነታረኩ በ2020 ፓንቱንን በጋራ በዩኔስኮ አስመዝግበዋል።

ሰባቱ ዛላዎች

በሩዝ ማሳ የሆነውን ደግሞ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ሹማምንት ጽፈው አቆይተውልናል። ከእነሱ አንዱ ዋልተር ስኪት በ1900 ያሳተመው መጽሐፍ የሴላንጎር ግዛትን አዝመራ ያሳያል። አዝመራው ከመታጨዱ በፊት ፓዋንግ የምትባል የሥርዓቱ አዋቂ ወደ ማሳው ትገባለች። ሰባት ዛላ ትመርጣለች፤ በመዳፏ ውስጥ በሸሸገቻት ትንሽ ምላጭ ቀስ ብላ ትቆርጣቸዋለች፤ ምላጯ የምትሸሸገው የሩዙ ነፍስ እንዳይደነግጥ ነው። ሰባቱን ዛላ እንደ አራስ ልጅ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በቅርጫት አድርጋ፣ ጃንጥላ አስይዛ ወደ ቤት ትመለሳለች። በቤቱ ሕፃን የተወለደ ያህል ለቀናት ጥንቃቄ ይደረጋል።

የፓዋንጎች ልመና ብዙ ጊዜ በቢስሚላህ ይጀምራል፤ መሃል ላይ የምድር መናፍስትና የሂንዱ አማልክት ስም ይነሳል፤ መጨረሻው ግን «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ነው። ከስኪት በኋላ የመጣው ሪቻርድ ዊንስቴድ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ የሦስት ዘመን እምነት አድርጎ ተንትኖታል። ለሊቁ ሥራ አክብሮት አለኝ፤ መደራረብ የሚለው አሳቡ ግን አያሳምነኝም። ለፓዋንጓ ሦስት ሃይማኖት የለም። አንድ ዓለም አለ፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ብዙ ኃይላት አሉ፤ የልመናዋ መዝጊያ ቃል ሁሉም ለማን እንደሚታዘዙ ይናገራል።

ሠርጉም እንዲሁ ነው። ኒካሁ በሃይማኖቱ ሕግ፣ በአጭሩ፣ በኢማም ፊት ይፈጸማል። ከዚያ ሙሽሮቹ እንደ ንጉሥና ንግሥት በዙፋን ይቀመጣሉ፤ የማሌይ ሰው «የአንድ ቀን ንጉሥ» ይላቸዋል፤ ዘመድ ተራ በተራ እየቀረበ የሩዝ ዱቄት ውኃና አበባ ይረጫቸዋል። በነገሪ ሰምቢላን ግዛት ደግሞ ከሱማትራ የመጡ ሚናንግካባዎች የእናት ዘርን የሚከተል ሥርዓት አላቸው፤ የአያት መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። በትውልድ አገራቸው ይህ ልማድ ከሃይማኖት ተሐድሶ አራማጆች ጋር ጦር አማዝዟል፤ ከ1803 እስከ 1837 የዘለቀው የፓድሪ ጦርነት ይባላል። ከደሙ በኋላ የያዙት መርሕ ልማድ በሸሪዓ ላይ፣ ሸሪዓ በቁርአን ላይ ይቆማል የሚል ነው። የሴቶቹም መሬት በሴቶቹ እጅ ቀረ።

የተዘጋው መድረክ

ኬላንታን «የመካ በረንዳ» የሚል የክብር ስም አላት፤ ዓሊሞቿና የሃይማኖት ትምህርት ቤቶቿ ዝነኛ ናቸው። የጥላ ቲያትሩም፣ ማክ ዮንግ የሚባለው ድራማም፣ ማይን ፑትሪ የሚባለው የፈውስ ሥርዓትም የዚህችው ግዛት ልጆች ናቸው። በማክ ዮንግ ንጉሡን ሳይቀር ዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። በደጋን የሚመታው ረባብ ሲጀምር ተዋናዮቹ መሬት ተቀምጠው ወደ ረባቡ ዞረው፣ ጣታቸውን እንደ ቅጠል እያጠፉ የመክፈቻውን ጭፈራ ያቀርባሉ።

በ1990 እስላማዊው ፓርቲ ፓስ የግዛቱን ሥልጣን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ እነዚህ ትርኢቶች በአደባባይ እንዳይታዩ ታገደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ከአላህ ሌላ መናፍስትን መጥራት ሽርክ ነው፤ ሴት ከወንድ ተመልካች ፊት መጨፈሯም አይፈቀድም። የዓሊሞቹ ጥያቄ የእምነታቸው ማዕከል ነው፤ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። የጥበቡ ሰዎች በበኩላቸው እንጾማለን፣ እንሰግዳለን፣ ታሪክ ታሪክ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ የመናፍስቱን ሰላምታ በዱዓ ተክተውታል። አንዳንዶቹ ደግሞ ያለ መክፈቻው ሥርዓት መድረክ ላይ መውጣት ያስፈራቸዋል። የከተማ ወጣቶች ሌላ መንገድ ሞክረዋል፤ በአሜሪካው የስታር ዋርስ ፊልም ገጸ ባሕርያት የቆዳ አሻንጉሊት ሠርተው በዳላንግ ድምፅ አጫውተዋቸዋል።

ዩኔስኮ ማክ ዮንግን በ2005 የሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ሲያውጅ ጥበቡ በተወለደበት ግዛት የታገደ ነበር። በ2019 እገዳው ተነሳ፤ ትርኢቱ ግን ከሸሪዓ ጋር እንዲስማማ የሚያስገድድ ቅድመ ሁኔታ ተያይዞበታል። ኳላ ሉምፑር ያለው አስዋራ የተባለው የጥበብ አካዳሚ ማክ ዮንግን ለወጣቶች ያስተምራል። የአካዳሚው መድረክ መልካም ነው፤ የመንደሩን ሌሊት ግን አይተካም።

«ብራና ይጠብቃል፤ ቶክ ዳላንግ ግን አይጠብቅም።»

አርራኒሪ ያወገዛቸው መጻሕፍት የተረፉት ተጽፈው ስለነበር ነው። የአቼው እሳት የደረሰበትን አቃጠለ፤ ያልደረሰበት ቅጂ በሌላ ወደብ ቀረ። ብራና ይጠብቃል፤ ቶክ ዳላንግ ግን አይጠብቅም። የኬላንታን የጥላ ትርኢት በቃል የሚወረስ ነው፤ ተማሪ ከመምህሩ ጎን ለዓመታት ተቀምጦ ድምፁን፣ የእጁን አያያዝ፣ የትኛው ከበሮ መቼ እንደሚመታ ይማራል። መድረክ የተከለከለ መምህር ተማሪ አያገኝም፤ ተማሪ ያላገኘ መምህር ሲሞት የሚገለበጥ ቅጂ የለም። በእገዳው ዘመን ሽማግሌ የነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ስለዚህ የኬላንታን ሹማምንት አንድ ነገር ቢያደርጉ ይበጃል። ከኳላ ሉምፑር መድረክና ከቱሪስት በዓል አልፈው፣ ማክ ዮንግ በሴቶቹ እንደቀድሞው በመንደር እንዲታይ፣ ዳላንጉም ራማንና ራዋናን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ እንዲተርክ ይፍቀዱ፤ በሕይወት ላሉት መምህራንም ተማሪ የሚያቆዩበትን አበል ይመድቡ። ይህን ጥበብ የሠሩት ሙስሊሞች ናቸው፤ ሊያወርሱትም መብት አላቸው።